ያለ ቅቤ የሠራነው አንጮቴ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ አንጮቴ መላጥ ነው። ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ከዋለ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት ላይ ነበር። እሱ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ደፉ ላይ ሆኜ፣ የተቀቀለውን ትኩሱን እየላጥን አንድ ትሪ ላይ እናስቀምጣለን። ሲያቃጥለን ጣታችንን እፍ እንላለን። ሌላ ምንም አልነበረም። እንደዚያ ያለ ከሰዓት በኋላ በትዳራችን ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም።

ሞት በየቤቱ ስላለ ስለ ሞቱ ብዙ አልጽፍም። ልጽፍ የተነሣሁት በማግስቱ በዚያ አንጮቴ ላይ የሆነውን ነው። ለሰው ስናገረው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አንዳንዱም «እና ምን አለበት?» ይለኛል። እኔ ግን ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፣ ማንኪያ ባነሣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አንጮቴን ለማያውቅ አንባቢ፣ እኛ አገር ወለጋ የሚበላ ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው። ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ይደቅቃል፤ ከዚያ በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። ስብራት ያለበት ሰው፣ የወለደች ሴት ይበሉታል። ያለ ቅቤ አንጮቴ ማቅረብ እንግዳን እንደ መናቅ ነው።

እኔ የተወለድኩት ወሎ ነው። በልጅነቴ ቤተሰቦቼ በሰፈራ መጥተው ጊዳ አያና ገጠር ውስጥ አደግሁ። ኋላ ሥራ አግኝቼ ነቀምቴ ገባሁና መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቴ ገመቹ የአርጆ ሰው ነው፤ በዚያው መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የተዋወቅነው የወረቀት መብሻ ልጠይቀው ሄጄ ነው። ዞሮ ሳያይ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ከመደርደሪያው አወጣልኝ። የትኛው ዕቃ የት እንደተቀመጠ በጭንቅላቱ የያዘ ሰው ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰዎች ሻማ ይፈልጋሉ፤ እሱ ያለ ሻማ ገብቶ ያዘዙትን ይዞ ይወጣል። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። መነጽሬ ሲጠፋኝ እሱን ነው የምጠይቀው።

አንዲት ልጅ አለችን፣ ቢፍቱ። አዲስ አበባ ትሠራለች። እሷ ከተወለደች ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ሃዳ ቢፍቱ» ይለኛል፣ የቢፍቱ እናት ማለቱ ነው።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስኳር እንዳለበት ተነገረን። ትንሽ ቆይቶ ግፊት ተጨመረበት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰጠና «ምግብህን አስተካክል» አለው። ምን እንብላ ብለን ብንጠይቅ ዓሣ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት ብሎ ቆጠረልን። በጡረታ ብር ዓሣ ከየት እንደሚገዛ ግን አልነገረንም። ለጥቂት ወራት ያደረግነው ነገር ቢኖር መፍራት ብቻ ነው። ምግብ ሲቀርብ እሱ ትሪውን ያያል፣ እኔ ደግሞ እሱን አያለሁ።

ከዚያ በሰፈራችን ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለጎልማሶች የአመጋገብ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰማን። በትንሽ ገንዘብ ጤናማ ምግብ እንዴት እንደሚበላ ነው የሚያስተምሩት። አስተማሪያችን ሲስተር ሌንሴ የምትባል ወጣት ነርስ ናት። መጀመሪያ በኦሮምኛ ታስረዳለች፤ ከዚያ ለእኔና ከጎጃም ለመጣ አንድ መምህር ስትል በአማርኛ ትደግመዋለች። ገመቹ ትምህርቱን ሁለቴ ስለሚሰማ «እኔ ሁለት ዲግሪ ነው የምይዘው» ይል ነበር።

ያስተማረችን ሁሉ የሚቻል ነገር ነበር። ዘይት ከጠርሙሱ አታንቆርቁሩ፣ በማንኪያ ለኩ። ጎመን ገበያው ሊበተን ሲል ይረክሳል፣ ያኔ ግዙ። ሥጋ ሲያጥር ባቄላና አተር አለ። የእንጀራው ድርሻ ይህን ያህል፣ የጎመኑ ድርሻ ይህን ያህል ብላ በእጇ ታሳያለች። ስትበሉ ቁጭ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ብሉ። ሌላ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረን። በየሳምንቱ ለአንድ ቤት ተራ ይደርሰዋል፤ የተማርነውን ከቤቱ አብስሎ ያመጣል፤ ሁላችንም እንቀምሳለን፤ ከዚያ ባለ ተራው ይጠየቃል። ዘይት ስንት ማንኪያ? ጨው ስንት? ቅመሙ ከየት? በዚያ ጥያቄ ብዙ ሰው ይዋሻል፣ ብዙ ይሳቃል። ኦቦ ዋቅጅራ የሚባሉ የመናኸሪያ ጥበቃ አሉ፤ እሳቸው ሁልጊዜ «ይህ ወጥ ዘይት አይቷል፣ ምስክር ነኝ» ይላሉ።

እኔና ገመቹ በዚያ ትምህርት ተስፋ አደረግን። በቀላሉ ነው የምጽፈው፤ ተስፋው ግን ትልቅ ነበር። ስኳሩ ወረደ። ቀበቶው ሰፋው። ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ በእግራችን መሄድ ጀመርን። እኔም እነዚያን የሚለኩ ማንኪያዎች እንደ መድኃኒት አየኋቸው። ሰውዬውን በእጄ የያዝኩት መሰለኝ።

ቅቤ ብቻ አስቸጋሪ ነበር። ሌላውን ሁሉ ሳያጉረመርም ተወ። ስኳሩን ከሻይ፣ ጨውን ከወጥ፣ ነጭ ዳቦን ከቁርስ ተወ። ስለ ቅቤ ግን ያወራ ነበር፣ ሰው ስለ ወጣበት አገር እንደሚያወራው። እህቱ ከአርጆ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ክዳን ባላት ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ ቅቤ ትልክልናለች። በዚያ ክረምትም ላከች። እኔ እሱ ሳያይ አነጠርኩት፤ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ከዱቄት በርሜሉ ጀርባ ግድግዳው ሥር ደበቅሁት። ለእንግዳ አስቀምጬዋለሁ አልኩት፤ የት እንደሆነ አልጠየቀኝም።

አንዳንድ ቀን እሱ ወጣ ሲል በርሜሉን ገፋ አድርጌ ባልዲዋን እከፍታለሁ። የቅቤው ፊት ልክ እንደፈሰሰበት ቀን ለስላሳ ነው። ጣት አልነካውም። ግምጃ ቤት የሠራን ሰው አታለልኩት ብዬ ለራሴ እስቃለሁ። ለጎረቤታችን ለአዴ ጫልቱም አሞኘሁት ብዬ ልነግራት አስብ ነበር። አልነገርኳትም።

ለእኛ ተራው ሊደርሰን ሲል ሲስተር ሌንሴ አንጮቴ ሥሩ አለችን። አፈራችን የሚያበቅለው ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቅቤ ውስጥ ካላሰጠምነው ደግሞ ጥሩ ምግብ ነው አለች። ከጎመን ጋር፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በትንሽ ዘይት ሞክሩት አለችን። አዳራሹ አጉረመረመ። ገመቹ ተነሥቶ ቆመ።

«ሲስተር፣ ያለ ቅቤ አንጮቴ በላሁ ብዬ አርጆ ሄጄ ብናገር የአባቴን መሬት ይቀሙኛል» አለ።

«አትናገራ» አለችው።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሱም እየሳቀ ተቀመጠ። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «እናቴ እንኳን አልሰማች» አለኝ።

እንግዲህ ያ ዓርብ ለዚያ ተራ የምንዘጋጅበት ቀን ነው። ልጠን ስንጨርስ ሙቀጫውን እግሮቹ መሀል አድርጎ ራሱ አደቀቀው። ይህን ለእኔ አይተውልኝም፤ የወሎ ሰው አንጮቴ ሲያደቅቅ ድንጋይ የሚፈጭ ይመስለዋል ይለኛል። እኔ ጎመኑን ከተፍኩ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ቁሌት አደረግሁ፣ ዘይቱን በማንኪያ ለካሁ። አንድ ላይ አዋሐድነው። ድስቱ ሞላ። ለአዳራሹ ሰው ሁሉ የሚበቃ ነው።

በጣቱ ጫፍ ቀመሰው። ቶሎ አልዋጠውም።

«ሃዳ ቢፍቱ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ» አለኝ። «ለእኔ ድርሻ ብቻ። ሌላው እንዳለ ይቅር።»

ነገ የዘይቱን ስንጠየቅ መዋሸት አልፈለግሁም። ደግሞም አንዴ ከተፈቀደለት ነገም ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። «ነገ ትምህርቱ ይለፍ፤ እሁድ አደርግልሃለሁ» አልኩት።

«እሁድ» አለ። አልተከራከረም። የድስቱን ክዳን ራሱ ገጠመውና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ሌሊቱን አልጽፈውም። ደረቴን ከበደኝ አለ፤ ጎረቤት ባጃጅ ጠራልን፤ ሆስፒታል ደረስን፤ ሳይነጋ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ወንበር ወጥቶ ፍራሽ ተነጠፈ፤ እኔን መሀል አስቀመጡኝ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። «ጃባዹ» ይሉኛል፣ በርቺ ማለት ነው። አንዳንዱ በአማርኛ «አይዞሽ» ይለኛል። ለሁሉም ራሴን እነቀንቃለሁ። ልጄ ከአዲስ አበባ መንገድ ላይ ናት። ወንድሜ እንዲደርስልኝ ጊዳ አያና የለም፤ በአካባቢው ግጭት በተነሣበት በዚያ ክፉ ጊዜ ቤቱን ጥሎ ከወጣ በኋላ አገር ቀይሯል። ስለዚህ ከእኔ ወገን በዚያ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ይህን ለወቀሳ አላነሣሁትም። ጎረቤቶቼ እንደ እህት ናቸው።

ጓዳውን የያዘችው አዴ ጫልቱ ናት። በአጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ናት፤ ባሏን ከእኔ በፊት የቀበረች፣ ሰፈር ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ማንም ሳይጠራት ጓዳ የምትገባ ሴት። ለቅሶ ቤት እሳት የሚነደው በጎረቤት እጅ ነው፤ የቤቱ እመቤት ምን እንደሚበስል አትጠየቅም፣ አትጠይቅም። እኔም ጓዳዬን ረሳሁት።

ረፋድ ላይ፣ በትምህርቱ ሰዓት፣ ክፍሉ በሙሉ መጣ። አዳራሹን ዘግተው ነው የመጡት። ሲስተር ሌንሴ ከፊት፣ ኦቦ ዋቅጅራ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የጎጃሙ መምህር፣ ሴቶቹ። ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ ሴቶቹና ሲስተር እኔ ጋ ገቡ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ተቀመጡ።

እንደተቀመጡ የቅቤ ሽታ መጣ።

የሚቀልጥ የቤት ቅቤ ሽታ ነው፤ ከኮረሪማው፣ ከአብሹ ጋር። ከጓዳ ነው የሚመጣው። በዚያች ደቂቃ ምን እንዳሰብኩ ልጻፍ። ገመቹ ይሸተዋል ብዬ ደነገጥሁ። አሁን ይመጣና የት ነበር ይለኛል አልኩ። ልነሣ፣ ጓዳ ገብቼ ልደብቀው መዳፌን ፍራሹ ላይ ተጫንኩ። ከአጠገቤ ያለችው ሴት የባሰብኝ መስሏት ያዘችኝ። ያኔ አስታወስሁ።

ትንሽ ቆይቶ ሳህኑ መዞር ጀመረ። አንጮቴው ነው። ድስቱ ምድጃው ላይ እንደተከደነ ነበር፤ አዴ ጫልቱ ከፈተችው፣ አየችው። ደረቅ ነው። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ቅቤውን ልጨምርበት ስል ሞት የደረሰብኝ መስሏታል። ከእኔ እጅ ላይ የተቋረጠ ሥራ መስሏት እሷ ጨረሰችልኝ። ቅቤውን አቀለጠች፣ ሳትሰስት አፈሰሰችበት፣ አሸችው፣ ለለቅሶተኛው አቀረበች። በልብሽ ምን አሰብሽ ብዬ ልቀየማት አልችልም። ለአንድ የአርጆ ሰው ቀብር ደረቅ አንጮቴ ብታቀርብ ነበር ነውሩ።

ሰው በላ። ጣቱን የላሰ ሰው አይቻለሁ። በሩ ክፍት ስለሆነ ድንኳኑ ውስጥ ኦቦ ዋቅጅራ ይታዩኛል። ሳህኑ ሲደርሳቸው አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው በበሩ በኩል ሲስተር ሌንሴን አዩ፣ ልጅ እናቱን እንደሚያይ። እሷም ሳህኗን ይዛለች። ቅቤው ጠርዙ ላይ ወርዷል።

«ዛሬ ብሉ» አለች። ለራሷ የምትናገር ይመስል ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ አጎንብሳ በላች።

የገመቹ እህት ከአርጆ የደረሰችው ሰዎቹ እየበሉ ሳለ ነው። ለቅሶዋ ሲበርድ ጎረስ እንድታደርግ አስገደዷት። አንድ ጊዜ ጎረሰችና አቆመች።

«ይህን ያደቀቀው ማነው?» አለች።

 እኔን አየችኝ።

«የእሱ እጅ ነው አይደል? እናታችን እንዲህ ነበር የምታደቅቀው።» ደግሞም «ቅቤውም የእኔ ነው» አለች፤ ሳህኑን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኔ ከዓርብ ምሳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አዴ ጫልቱ ከጓዳ ወጥታ ፊቴ በርከክ አለች፤ ትንሽ ጠቅልላ አፌ ላይ አደረገችው። «ለእሱ ስትዪ፣ ማሎ» አለችኝ፣ እባክሽ ማለቷ ነው። እምቢ ለማለት አቅም አጥቼ አፌን ከፈትኩ።

ጣፈጠኝ። ይህን ነው ለማንም ያልነገርኩት። በስንት ዓመት ከበላሁት አንጮቴ ሁሉ ያን ያህል የጣፈጠኝ የለም። እሱ ያደቀቀው፣ የእህቱ ቅቤ፣ ሁሉም ልክ እንደሚገባው ሆኖ ነበር። ከታመመ ወዲህ እሱ ባለበት ያ ምግብ እንደዚያ ሆኖ አልቀረበም። ዋጥሁትና አፌን እንደገና ከፈትኩ። አዴ ጫልቱ ደስ አላት። ሴቶቹም «ጎሽ፣ በላች፣ በላች» ተባባሉ። ሦስት ጉርሻ በላሁ። እሱ ገና አልተቀበረም ነበር።

ቢፍቱ ስትደርስ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ሆነ። መዘምራኑ ዘመሩ፤ ሰው ብዙ ነበር።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፣ ቢፍቱም ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ፣ አዴ ጫልቱ ከጓዳዬ የወሰደችውን ዕቃ ልትመልስ መጣች። ባልዲዋንም ይዛ ነበር። ግማሽ ያህል ቅቤ ቀርቷል። ማዳበሪያውን አጣጥፋ በሥርዓት ክዳኑ ላይ አድርጋዋለች። ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ቀን ቅቤው ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም።

«ይህን ከየት አገኘሽው?» አልኳት።

«ከዱቄቱ በርሜል ጀርባ ነዋ።»

«ማን ነገረሽ?»

አየችኝ። መናገር እንዳልነበረባት ገባት መሰለኝ፤ ግን ውሸት አታውቅም። ክረምት ላይ ገመቹ የጣራዋን ቆርቆሮ ሊመታላት ሄዶ እንደነበር ነገረችኝ። ሲወርድ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አቀረበችለት፤ አልበላም አለ። ብላ፣ ሃዳ ቢፍቱ አታይህም አለችው። እሱም እየሳቀ የነገራትን እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦

«እሷ እኮ ቅቤውን ከዱቄት በርሜሉ ጀርባ ደብቃ፣ አላወቀም ብላ ነው የምትኖረው። ዕድሜዬን ሙሉ ግምጃ ቤት ሠርቼ ቅቤ ይጠፋኛል? ግን አንድ ቀን ከፍታ የጣት ምልክት ብታይበት እንቅልፍ አትተኛም። እሷ ትተኛ።»

አዴ ጫልቱ ይህን ስትነግረኝ ፈገግ ብላ ነው፤ የባሌን ፍቅር መንገሯ ነው። እኔም ፈገግ አልኩላት። ሸኘኋት። በሩን ዘጋሁ።

ያን ቀን ባልዲዋን ከፍቼ ብዙ አየኋት። የአዴ ጫልቱ ማንኪያ አርሶታል፤ ለስላሳው ፊት የለም። አንድ የጣት ምልክት ባገኝ እወድ ነበር። አንድ ቀን ሰርቆ እንደበላ ባውቅ፣ ቆሞ በጨለማ ውስጥ አንድ ጊዜ እንደላሰ ባውቅ ያጽናናኝ ነበር። ግን ከዚያ በፊት በከፈትኳት ጊዜ ሁሉ አይቻታለሁ። አልነካትም። የት እንዳለች እያወቀ፣ ሲያልፍ ሲያገድም አጠገቧ እየቆመ፣ አልነካትም። ለካ ያን ሁሉ ወር ደረቁን የሚበላው እኔ እንዳልፈራ ነበር። በመጨረሻም ዓርብ ዕለት በግልጽ ለመነኝ፣ እኔም እሁድ አልኩት።

ከወር በኋላ ሲስተር ሌንሴ ቤቴ መጣች። ግፊቴን ለካችው፤ ከፍ ብሏል። ወደ ትምህርቱ እንድመለስ መከረችኝ። የእኛ ተራ እንዳልታለፈ፣ ክፍሉ ክፍት አድርጎ እንደጠበቀልን ነገረችኝ። ቸርነታቸው ነው። ላመሰግናት ስል ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ሲስተር፣ የዚያን ዓርብ አንድ ማንኪያ ቅቤ ብሰጠው ይጎዳው ነበር?»

መሣሪያዋን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች ነበር። እጇ ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጎዳው ነበር፣ ደግ አደረግሽ ይለኝ ነበር። እሷ ወጣት ናት፤ ለታማሚዎቿ ዋሽታ አታውቅም።

«አንድ ማንኪያ ምንም አያደርገውም ነበር» አለችኝ።

«ያ ሁሉ ወርስ? ያ ሁሉ ደረቅ ምግብ?»

«ጠቅሞታል። ስኳሩ ወርዶ ነበር፣ አይተሻል። ግን ልብ የራሷ ነገር አላት።» ከዚያ ጫማዋን እያየች «እኔም የማውቀው ይህን ያህል ነው» አለች።

 ስትሄድ በሩ ላይ አቀፈችኝ። ከዚያ በኋላ ምግብ ለምን ይበላል የሚለውን ጥያቄ ለራሴ መመለስ አልቻልኩም። የተማርነው ሁሉ እውነት ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ለሚሰማኝ ሁሉ ሂዱ እላለሁ። ኦቦ ዋቅጅራ ግፊታቸው ወርዶ ከመናኸሪያ እስከ ቤታቸው በእግር ይሄዳሉ። እኛም ተምረን ነበር፣ እኛም በማንኪያ ለክተን ነበር። ከዚህ በላይ የማደርገው ምን ነበረ ብዬ ስፈልግ የማገኘው ያችን አንድ ማንኪያ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ አታድነውም፣ አትገድለውምም ነበር። ደስ ታሰኘው ነበር፣ በቃ።

ቢፍቱ አዲስ አበባ ነይ ትለኛለች። እሄዳለሁ እላለሁ፤ አልሄድኩም። ለአንድ ሰው ማብሰል አልለመድኩም። ሁለት ሰው የሚበቃውን እለካና ሲተርፍ ለአዴ ጫልቱ አቀብላለሁ። አንጮቴ ገበያ ላይ ሲወጣ በሌላ መንገድ አልፋለሁ። ባልዲዋን ወደ ነበረችበት፣ ከዱቄት በርሜሉ ጀርባ መልሻታለሁ። የምደብቀው ሰው የለኝም፤ ሌላ ቦታ ግን አላገኘሁላትም።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዳራሹ ሄጄ ክፍሉን እጠርጋለሁ፣ ወንበሮቹን እደረድራለሁ። ባለ ተራው ድስቱን ከፍቶ መቀማመስ ሲጀመር ወጥቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ምሳዬን ያለ ቅቤ፣ ጓዳ ውስጥ ቆሜ እበላለሁ።